“መጨረሻ የበሉት ስንት ሰዓት ነው?”፦ በሲያትል የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ነርሶች የሚጠይቁትና የሚጠብቁት

በሲያትል ከተማ በመኪና አደጋ የተጎዳ አንድ አማርኛ ተናጋሪ በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 4፡00 ላይ ሆስፒታል ደረሰ እንበል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት መሆኑ ነው። ነርሷ በአስተርጓሚ በኩል “መጨረሻ የበሉት ስንት ሰዓት ነው?” ብላ ትጠይቃለች። ሰውየው “ስምንት ሰዓት” ሲል ይመልሳል። አስተርጓሚው ቁጥሩን ብቻ ካሻገረው ነርሷ የምትመዘግበው ከጠዋቱ 8፡00 ነው፤ ይህም ታካሚው ምግብ ከቀመሰ 8 ሰዓት አልፎታል ማለት ነው። እውነታው ግን ሰውየው ምሳውን ከበላ ገና 2 ሰዓቱ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሙሉ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ጉሮሮው ራሱን መከላከል ያቆማል። በጨጓራ ውስጥ ያለው ምግብና አሲድ ወደ ላይ ከተመለሰ ሳል ሳይገታው ወደ ሳንባ ሊገባና ለሕይወት አስጊ የሆነ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በዚህም ምክንያት በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ቀለል ካለ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከውሃና መሰል ፈሳሾች ደግሞ 2 ሰዓት መቆጠብ ያስፈልጋል። ደሙ እየፈሰሰ ያለን ሰው ግን ማንም ይህን ያህል ሊያስጠብቀው አይችልም። በዚያ ላይ ሕመምና ድንጋጤ የምግብን መፈጨት ስለሚያዘገዩ ባለሙያዎቹ የማንኛውንም ድንገተኛ ተጎጂ ጨጓራ ሙሉ እንደሆነ አድርገው ይወስዱታል፤ ማደንዘዣውንም በዚያው ጥንቃቄ ይሰጣሉ። ቢሆንም ጥቂት መቆየት ለሚችል ጉዳት፣ ለምሳሌ ለተሰበረ የእጅ አንጓ፣ የቀዶ ሕክምናውን ሰዓት የሚወስነው ይኸው መልስ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። “ጾም ላይ ነኝ” የሚል ኢትዮጵያዊ ሥጋና ወተት አልቀመስኩም ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ሽሮ በእንጀራ የበላው ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ሊሆን ይችላል። በቀዶ ሕክምና ቋንቋ ጾም ማለት ጨጓራ ባዶ ነው ማለት ነው። ሁለቱን የሚለይ ጥያቄ ካልተጠየቀ በሁለቱም ወገን ማንም ሳይዋሽ ስህተት ይፈጠራል።

ከአደጋ በኋላ ስለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሲወራ በአብዛኛው የሚነሳው የቀዶ ሐኪሙ ስም ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ በቀዶ ሕክምናው ወቅትና ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ታካሚውን ሳይለዩ የሚጠብቁት ግን ነርሶች ናቸው። ራሱን ለሳተ፣ ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ ለገባበት ወይም ቋንቋው ለማይሰማለት ሰው አንደበት የሚሆኑትም እነርሱ ናቸው።

ኮረብታው ላይ ያለው ሆስፒታል

በሲያትል ይህ ሥራ በስፋት የሚከናወነው ፈርስት ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ ባለው ሃርበርቪው የሕክምና ማዕከል ነው። ንብረትነቱ የኪንግ ካውንቲ ሲሆን የሚያስተዳድረው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተቋም ነው። አሁን ባለበት ሥፍራ አገልግሎት የጀመረው እአአ በ1931 ነው። በዋሽንግተን ግዛት ለአዋቂዎችም ለሕፃናትም አንደኛ ደረጃ የድንገተኛ ጉዳት ማዕከል ሆኖ ለዓመታት ያገለገለ ሲሆን ከአላስካ፣ ከሞንታና እና ከአይዳሆ ግዛቶች ጭምር ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውን ይቀበላል። እአአ ከ1982 ጀምሮ የሚሠራው ኤርሊፍት ኖርዝዌስት የተባለው የአየር አምቡላንስ አገልግሎት ከሩቅ ያሉትን ያመጣል። የከተማዋ ‘ሜዲክ ዋን’ የአምቡላንስ አገልግሎት ደግሞ ከ1970 ጀምሮ ሕክምናን ከሆስፒታል ወደ ጎዳና በማውጣት ይታወቃል።

የሆስፒታሉ ተልዕኮ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ወገኖች መካከል እንግሊዝኛ የማይናገሩ ድሆችን በግልጽ ይጠቅሳል። ይህ ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን ትርጉም አለው። ከሆስፒታሉ አጠገብ ባለው የየስለር ቴራስ የመኖሪያ ሰፈርም ሆነ ወደ ደቡብ በሚዘልቀው የሬኒየር ሸለቆ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ በርካታ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ታክሲና የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩት፣ በመጋዘንና በግንባታ ሥፍራ የሚሠሩት፣ መንገድ በእግር የሚሻገሩት አዛውንቶች ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። በነርስነትና በረዳት ነርስነት ሙያ የተሰማሩ የማኅበረሰቡ አባላትም ብዙ ናቸው።

ስም የሌለው ታካሚ

ተጎጂው በተሽከርካሪ አልጋ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለተመልካች ግርግር ይመስላሉ። ሆኖም እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ ቦታና ተግባር አለው። አንዷ ነርስ ልብሱን በመቀስ ትቀዳለች፤ ሌላው የደም ሥር ይከፍታል፤ ሦስተኛዋ የሚባለውንና የሚደረገውን ሁሉ ከነሰዓቱ ትመዘግባለች። ልብሱ የሚቀደደው በንቀት አይደለም። ከጀርባና ከብብት ሥር የተደበቀ ቁስል ሊኖር ስለሚችልና አንገትና አከርካሪ መንቀሳቀስ ስለሌለባቸው ነው። ጉዳቱ በጥይት ወይም በስለት የደረሰ ከሆነ ልብሱ ማስረጃ ስለሚሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ሊያበላሽ ይችላል።

ቀለበት ጣት ሲያብጥ ደም እንዳይዘጋ ይወልቃል። ደም ለማቆም የሚያገለግለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ቆዳን እንዳያቃጥል ሲባልም ከሰውነት ላይ ብረት ይነሳል። አንገት ላይ ያለ ማተብም በአንገት መደገፊያው ወይም በሚገባው ቱቦ ምክንያት ሊበጠስ ይችላል። ቤተሰብ ማተቡ ከታካሚው ጋር እንዲቆይለት ከፈለገ ለነርሷ ቢነግራት የሚቀመጥበት መላ ይኖራል። ካልተነገራት ግን ክር ነው ብላ ብታስብ አይፈረድባትም።

ራሱን የሳተና መታወቂያ ያልተገኘበት ሰው በጊዜያዊ የመለያ ስም ይመዘገባል። ዘመዶች ወደ ሆስፒታሉ ደውለው “እንዲህ የሚባል ሰው የለም” የሚል መልስ የሚያገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ ጠባሳ ወይም ንቅሳት ካለው እርሱንም መግለጽ ከስም የበለጠ ይጠቅማል።

ስሙ ከታወቀ በኋላም ችግሩ ሁልጊዜ አይፈታም። መድኃኒት፣ ደም ወይም ቀዶ ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት የታካሚው ማንነት ቢያንስ በሁለት መለያዎች ይረጋገጣል። ብዙውን ጊዜ እነዚህ ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን ናቸው። የኢትዮጵያውያን ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። አንዱ ሆስፒታል የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሊመዘግብ ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖራቸው በስደተኝነት የመጡ ብዙዎች ደግሞ የትውልድ ቀናቸው ጥር 1 ተብሎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተመዝግቧል። ተመሳሳይ ስምና ተመሳሳይ ጥር 1 ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን አንድ ሆስፒታል ውስጥ መገኘታቸው ከሌላው ማኅበረሰብ ይልቅ እዚህ የሚጠበቅ ነገር ነው። “በ1975 ተወለድኩ” የሚል ሰውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረ ለሆስፒታሉ 1982 ወይም 1983 ማለቱ ነው። መዝገቡ በትክክል ካልተገኘ ከዓመታት በፊት የተመዘገበ የመድኃኒት አለርጂም አብሮ ይጠፋል።

በማን አንደበት?

ቀዶ ሕክምና የታካሚውን ፈቃድ ይጠይቃል። ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ፣ መናገር የማይችልና ወኪል ያልተገኘለት ሰው ግን በሕጉ ፈቃዱን እንደሰጠ ይቆጠራል። ስለዚህ ቤተሰብ እስኪመጣ ተብሎ የሚዘገይ ሕይወት አድን ቀዶ ሕክምና የለም። ጊዜ ካለ ግን ማብራሪያው ታካሚው በሚገባው ቋንቋ መቅረብ አለበት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። በ2010 የወጣው የጤና ሕግና እርሱን ተከትለው የመጡት ደንቦች፣ አስተርጓሚ ሊገኝ በማይችልበት የሞት የሽረት ቅጽበት ካልሆነ በስተቀር፣ ሆስፒታሎች ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ይከለክላሉ።

በብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ እንግሊዝኛው የተስተካከለ ቢሆን እንኳ “አባትህ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እንዲመልስ መጠየቅ ጭካኔ ነው። አባትየውም ከልጁ ፊት የማይናገራቸው ነገሮች አሉት።

ከእነዚህ አንዱ ጫት ነው። በአሜሪካ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በሕግ የተከለከለ ንጥረ ነገር በመሆኑ ብዙዎች ስለ እርሱ መናገር አይፈልጉም። ጫት ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር የማደንዘዣ ባለሙያው ሊያውቀው ይገባል። ነርሷ ስለ መጠጥና ስለ አደንዛዥ ነገሮች የምትጠይቀው ፖሊስ ስለሆነች አይደለም፤ የሚነገራትም በ1996ቱ የጤና መረጃ ሕግ ጥበቃ ሥር ነው። ሌላው ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ነው። በልጅነታቸው የቶንሲል ሕመም ተከትሎ በመጣ የልብ በሽታ ቫልቫቸው ተቀይሮ ዋርፋሪን የሚወስዱ ኢትዮጵያውያን አሉ። ይህ በወቅቱ ካልታወቀ ደሙ ለምን እንደማይቆም ለመረዳት ውድ ደቂቃዎች ይባክናሉ። የመድኃኒት ዝርዝር በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ጽፎ ኪስ ውስጥ መያዝ ወይም በስልክ የአደጋ ጊዜ መረጃ ገጽ ላይ ማስገባት ይህን ያስቀራል።

በሃርበርቪው የቋንቋና የባህል ጉዳይ የቆየ ታሪክ አለው። እአአ በ1994 ከምሥራቅ አፍሪካና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ለመጡ ቤተሰቦች ከትርጉም አልፈው በሐኪምና በታካሚ መካከል የሚያሸማግሉ የባህል አገናኞችን ያሰማራ መርሐ ግብር ተጀመረ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው ‘ኤትኖሜድ’ የተሰኘው ድረ ገጽ ስለ ኢትዮጵያውያንና ስለ ኤርትራውያን ባህል ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጁ ጽሑፎችን እስካሁን ያቀርባል። ጠቀሜታው በትናንሽ ነገሮች ይታያል። “ኩላሊቴን አመመኝ” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ወገቡን ወይም ጎኑን ማለቱ ነው። ይህን የማያውቅ አስተርጓሚ ሐኪሙን ወደ ሌላ ምርመራ ይመራዋል።

በሩ ከተዘጋ በኋላ

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓይነት የነርስ ሥራ አለ። አንዷ እጇን ታጥባና ንጹሕ ጋውን ለብሳ መሣሪያ ለሐኪሙ ታቀብላለች። ይህን በአሜሪካ ሠልጥኖ የመጣ የቴክኒክ ባለሙያም ሊሠራው ይችላል። ሌላዋ ከንጹሑ ክልል ውጭ ሆና ክፍሉን በሙሉ ትቆጣጠራለች፤ ደም ታስመጣለች፤ ትመዘግባለች፤ አንድ ነገር ሲጓደል ድምጿን ከፍ አድርጋ ታስቆማለች። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ‘ስክራብ’ እና ‘ሰርኩሌቲንግ’ ነርስ የሚባሉት እነዚሁ ናቸው።

ያ የማስቆም ሥልጣን ዓለም አቀፍ መልክ ሲይዝ ሲያትል በታሪኩ ውስጥ ነበረች። የዓለም የጤና ድርጅት እአአ በ2008 ለቀዶ ሕክምና ደኅንነት 19 ነጥቦች ያሉት ማረጋገጫ ዝርዝር ይፋ አደረገ። ዝርዝሩ በስምንት ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች የተሞከረ ሲሆን ከነዚህ አንዱ በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከአፍሪካ የተመረጠው በታንዛኒያ ኢፋካራ ያለ ሆስፒታል ነበር። በጥር 2009 የታተመው የጥናቱ ውጤት እንዳሳየው ከዝርዝሩ በፊት 1.5 በመቶ የነበረው የታካሚዎች ሞት ወደ 0.8 በመቶ፣ 11 በመቶ የነበረው ከባድ የጤና መዘዝ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ዝርዝሩ የሚነበበው ሦስት ጊዜ ነው፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት እና ታካሚው ክፍሉን ከመልቀቁ በፊት። ሁሉም በስማቸውና በሥራ ድርሻቸው ይተዋወቃሉ። ይህ ለሰላምታ ብቻ ቢመስልም ቀድሞ ስሙን የተናገረ ሰው ችግር ሲያይ ለመናገር አይፈራም የሚል እሳቤ አለው። ደሙ በሚጎርፍ ተጎጂ ላይ ንባቡ ያጥራል እንጂ አይዘለልም።

ቆጠራው ሌላው የነርሶች ኃላፊነት ነው። ጎዝ፣ መርፌና መቀስ ከመጀመሩ በፊትና ከመዘጋቱ በፊት በሁለት ሰዎች ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ቁጥሩ ካልተስማማ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢቸኩል ፍለጋው ይቀጥላል፤ ካልተገኘም ራጅ ይነሳል። በድንገተኛ ጉዳት ጊዜ ሆድ ከመከፈቱ በፊት ለመቁጠር ጊዜ የማይኖርበት አጋጣሚ አለ። ያኔ ነርሷ አለመቆጠሩን ራሱን ትመዘግባለች፣ በመጨረሻም በራጅ ይረጋገጣል።

ቅዝቃዜ ሳይታይ የሚገድል ጠላት ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደሙ የመርጋት አቅሙ ይዳከማል፤ ደሙ ካልረጋ ይበልጥ ይፈሳል፣ ኦክስጅን ያጣው ሰውነትም አሲድ ያመርታል፤ አሲዱ ደግሞ መልሶ መርጋትን ያዳክማል። ሦስቱ እየተመጋገቡ ታካሚውን ቁልቁል ይወስዱታል። የደም ከረጢት በማቀዝቀዣ ከ1 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀመጥ ሳይሞቅ በብዛት ከተሰጠ ችግሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ነርሶቹ ደሙን በማሞቂያ ያሳልፋሉ፣ ክፍሉን ያሞቃሉ፣ ሞቃት አየር የሚነፋ ብርድ ልብስ ያለብሳሉ። ሐኪሞቹ ላባቸውን እየጠረጉ የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ይኸው እውቀት የቀዶ ሕክምናውን መልክም ለውጦታል። ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተነሱ ሐኪሞች እአአ በ1993 ከባሕር ኃይል በተዋሱት ስያሜ የገለጹት ዘዴ፣ የተመታ መርከብ ባሕር ላይ እንዳለ ቀዳዳው ብቻ ተደፍኖ ወደብ እንደሚደርስ ሁሉ፣ ደሙን ብቻ አቁሞ ታካሚውን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መመለስን ይመክራል። ሙሉ ጥገናው ሰውነቱ ከሞቀና ከተረጋጋ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ይደረጋል። እስከዚያ ሆዱ ሳይሰፋ በልዩ መሸፈኛ ይቆያል። ደም ለማቆም ሆን ተብለው የተተዉ ጎዞችም ስንት እንደሆኑ በመዝገብ ይሰፍራሉ። ይህ ያልተነገረው ቤተሰብ ወደ ክፍሉ ገብቶ የዘመዱን ሆድ ክፍት ሲያይ “ተስፋ ቆርጠው ትተውት ነው” ብሎ ቢያስብ አይገርምም።

“ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን”

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ጊዜ ለአማርኛ ተናጋሪው የበለጠ አደገኛ የሚሆንባቸው ምክንያቶች አሉ። ከማደንዘዣ የሚነቁ አንዳንድ ሰዎች እንግሊዝኛ ቢችሉም ለጊዜው የሚናገሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ብቻ ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለና በመሣሪያ የሚተነፍስ ታካሚ ቱቦውን ነቅሎ እንዳያወጣ እጁ በለስላሳ ማሰሪያ ሊያዝ ይችላል። ለዘመድ አስደንጋጭ ነው፤ ምክንያቱን መጠየቅና መቼ እንደሚፈታ ማወቅ ግን የቤተሰብ መብት ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚያውቀው ድምፅ በቋንቋው ቢያነጋግረው ማሰሪያው ላያስፈልግ ይችላል።

ሕመምን መግለጽ ግን ከሁሉም የከበደው ነው። ነርሷ “እንዴት ነህ?” ስትለው ታካሚው በባህሉ መሠረት “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ይላል። ይህ ሰላምታ እንጂ የጤና ሪፖርት አይደለም። “ከ0 እስከ 10 ሕመምህ ስንት ነው?” ስትለው ደግሞ ጨዋነትና ጀግንነት ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል።

እግሩ የተሰበረ ሰው ይህን ሲያደርግ እግሩን ሊያጣ ይችላል። የእግር ጡንቻዎች የማይለጠጥ ሽፋን ባላቸው ክፍሎች ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ። ከስብራት በኋላ እብጠት ሲመጣ ሽፋኑ ስለማይሰፋ ውስጣዊ ግፊቱ ይጨምርና ደም ወደ ጡንቻው መድረሱ ይቋረጣል። ባለሙያዎች ‘ኮምፓርትመንት ሲንድረም’ ይሉታል። ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ መድኃኒቱም ሽፋኑን በቀዶ ሕክምና መክፈት ነው። ቀድሞ የሚታየው ምልክት ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ ማስታገሻ የማይበግረውና ጣቶች ሲዘረጉ የሚብስ ሕመም ነው። የእግር መቀዝቀዝና የደም ምት መጥፋት የሚመጡት ዘግይተው ነው። ነርሷ ሌሊት በየሰዓቱ እየቀሰቀሰች ጣቱን የምታንቀሳቅሰው ይህን ፍለጋ ነው። የምታገኘው “ደህና ነኝ” ብቻ ከሆነ ዋናው ማስጠንቀቂያ ተሰውሮባታል።

የጎድን አጥንቱ ለተሰበረም እንዲሁ ነው። ሕመሙን የሚውጥ ሰው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አያስልም፤ አክታ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ይከተላል። የሕመም ማስታገሻ እዚህ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን ሳንባን የመክፈቻ መንገድ ነው። ነርሷ በትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ አየር እንዲስብ ደጋግማ የምትወተውተውም ለዚሁ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ማግስት ከአልጋ ውረድ መባልም ብዙ ቤተሰቦችን ያስቆጣል። በአገር ቤት ልማድ የታመመ ይተኛል፣ ይጠየቃል፣ ይጎረሳል። ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ግን በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋና ወደ ሳንባ እንዲሄድ ያደርጋል። ይህን ለመከላከል ከቆዳ ሥር የሚወጋው ሄፓሪንና ተዛማጁ ኢኖክሳፓሪን ከአሳማ አንጀት የሚዘጋጁ ናቸው። ይህ ለሙስሊሞችም ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም የሚያሳስብ ሊሆን ስለሚችል የሚፈልግ ሰው አማራጭ መኖሩን መጠየቅ ይችላል፤ ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንት ለሕይወት አድን ሕክምና የተለየ አስተያየት እንዳላቸውም መዘንጋት የለበትም። አጥሚት ይዞ ለሚመጣ ጠያቂ ደግሞ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ “መብላት ተፈቅዶለታል?” አንጀቱ ለተሰፋ ሰው ሁለት ጭልፋ አጥሚት ደግነት ላይሆን ይችላል።

ክፉ ወሬ ለማን ይነገራል?

የሕክምና አንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የዉብዳር በየነ እአአ በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና በቀጥታ ለታካሚው መነገሩን እንዴት እንደሚያዩት አሳይተው ነበር። በአገር ቤት ወግ ከባድ ወሬ በመጀመሪያ ለቅርብ ዘመድ ይነገራል፣ እርሱም ጊዜና ቦታ መርጦ ያደርሳል። የአሜሪካ ሕግና ልማድ ደግሞ መረጃው የታካሚው ነው ይላል። ነርሷ በሁለቱ መካከል ትቆማለች። ተጎጂው መናገር ሲችል “ስለ ሁኔታዎ ለማን እንንገር?” ብላ መጠየቋ በሩን ይከፍታል፤ “ለወንድሜ ንገሩት” ማለትም ሙሉ መብቱ ነው።

አርባ ጠያቂ በአንድ ምሽት በሚመጣበት ማኅበረሰብ ውስጥ ቤተሰቡ አንድ ቃል አቀባይ ቢመርጥ ለሁሉም ይቀላል። በጥቃት ለተጎዳ ሰው ሆስፒታሎች ለደኅንነቱ ሲሉ መኖሩን እንኳ በስልክ ላያረጋግጡ ይችላሉ።

ወጪውም ያስፈራል። እአአ በ1986 በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙ ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ምንም ይሁን ምን መርምሮ ማረጋጋት ግዴታ ነው። የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ሆስፒታሎች ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ታካሚዎች ዕዳውን እንዲሰርዙ ወይም እንዲቀንሱ የሚያስገድድ ሕግ አለው። ማመልከቻውን ለማግኘት ነርሷን ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውን መጠየቅ ይቻላል።

ከሲያትል ወደ አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ለለመደ ሰው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በኢትዮጵያ አስታማሚ የሕክምናው አካል ነው፤ መድኃኒት ይገዛል፣ ደም የሚለግስ ዘመድ ይፈልጋል፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር ያድራል። በሲያትል ደሙ የሚመጣው እአአ ከ1944 ጀምሮ በሚሠራው የአካባቢው የደም ባንክ በኩል ነው፤ አስታማሚው የሚሮጥበት ነገር ስለሌለ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። ሥራው ግን አለ፦ ታካሚው ከጉዳቱ በፊት እንዴት ይናገር፣ እንዴት ያስብ እንደነበር የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። “ዛሬ ንግግሩ ተቀይሯል” የሚል ዘመድ በጭንቅላት ውስጥ የጀመረ መድማትን ከመሣሪያ ቀድሞ ሊጠቁም ይችላል።

በኢትዮጵያም የቀዶ ሕክምናን ደኅንነት የማሻሻል እንቅስቃሴ አለ። ጤና ሚኒስቴር እአአ በ2016 ይህንኑ ዓላማ ያደረገ ብሔራዊ መርሐ ግብር የጀመረ ሲሆን ማረጋገጫ ዝርዝሩም የዚሁ አካል ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው ‘አቤት’ ሆስፒታል ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለከባድ ጉዳት የተቋቋመ ነው። በሲያትል ያለችው ነርስና በአቤት ያለችው ነርስ የያዙት መሣሪያ ቁጥር እጅግ ይለያያል። ጎዝ የሚቆጥሩት ግን በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ጮክ ብለው፣ ሁለት ሆነው ነው።

ታካሚው ወደ ቤት ሲመለስ የመጨረሻው ውይይት ከነርሷ ጋር ነው። ቁስሉ ሲቀላ፣ ሲሞቅ ወይም መግል ሲይዝ፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር መደወያው ቁጥር ይሰጠዋል። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከተሰጠው ከአልኮል ጋር እንዳይቀላቅለውና ለሌላ እንዳያካፍለው ይነገረዋል። በወረቀቱ ላይ “8 ፒኤም” የሚል ካለ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑን አስተርጓሚው በአማርኛ ጎኑ ላይ እንዲጽፍለት ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ይችላል።